ትኩረት የተከለከለበት ሆስፒታል

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ለልጄ ምሳ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው። ልጄ ቀዶ ጥገና መማር ከጀመረች ወዲህ እኔም ከሆስፒታል ውጭ ሕልም አይቼ አላውቅም።

ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ግን ልጄን ላስተዋውቃችሁ። ረድኤት ትባላለች። ሐኪም ናት፤ አሁን ደግሞ ቀዶ ጥገና ለመማር ተመልሳ ገብታለች። ከትንሽነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም። ሻይ ጥዳ ትረሳለች። አንድ ጫማ አጥልቃ ሌላውን ፍለጋ ስትሄድ መንገድ ላይ የወደቀ መጽሐፍ አንስታ ቆማ ታነባለች። እኔ ቀልቃላ ናት ብዬ ትቼው ነበር። በቅርቡ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ስሙን ይዛልኝ መጣች፤ ትኩረት የማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ይባላል አለችኝ። አብረዋት ከሚማሩት ውስጥ እሷ ብቻ እንዳልሆነች፣ ሌሎቹ ግን አፋቸውን ይዘው እንደሚኖሩም ነገረችኝ።

ትናንት ማታ ተረኛ ነበረች። ልትወጣ በሩን ከከፈተች በኋላ ዞር ብላ፣ «ዛሬ ለፕሮፌሰሩ እነግራቸዋለሁ» አለች።

«ምን ብለሽ?»

«ያለብኝን ነዋ። መድኃኒት ጀምሬያለሁ፣ ሌሊት በሌሊት ላይ አትደራርቡብኝ፣ እንቅልፍ ካጣሁ ይብስብኛል ብዬ።»

«ረዲ፣ በእመቤቴ! ሐሳቧ ለሚበር ሐኪም ማን ሆዱን ይሰጣል? በዚያው ያባርሩሻል!»

«እማ፣ ሳልነግራቸው አንድ ሰው ላይ ጥፋት ባጠፋስ?»

ይህን ብላ በሩን ዘጋችና ሄደች። እኔም ከመባረሯ ጀምሬ እስከ ቀብሯ ድረስ አስቤ ስጨርስ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እናም ሆስፒታል ሄድኩ። ቀን ነበር፤ ፀሐይዋ ግን እንደ አሮጌ አምፖል ትጠፋለች፣ ትበራለች። በሩ ላይ ዘበኛው ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ጠበቀኝ።

«ይፈትሹኝ እናቴ» አለኝ።

«እኔ አንተን?»

«ሳይፈትሹኝ አላሳልፍዎትም።»

ምሳ ዕቃዬን መሬት አስቀምጬ ፈተሽኩት። ኪሱ ውስጥ ምንም የለም። ምንም የለም አልኩት። ፊቱ ጠቆረ።

«የደረት ኪሴንስ አይተዋል?»

አየሁለት። እሱም ባዶ ነው። በርጩማው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ማልቀስ ጀመረ።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ስጠብቅ ኖርኩ?» አለ።

ምሳ ዕቃዬን አንስቼ አለፍኩት። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ራሴን የታማሚዎች መኝታ ክፍል ውስጥ አገኘሁት። አልጋዎቹ ላይ የተኙት ሐኪሞቹ ነበሩ። ነጭ ጋውናቸውን እንደ ለበሱ፣ ማዳመጫቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል። ታማሚዎቹ ደግሞ ጉሉኮሳቸው የተሰቀለበትን ብረት እየገፉ በቡድን ሆነው ከአልጋ ወደ አልጋ ይዞራሉ። ከፊት የሚሄዱት ሆዳቸው በፋሻ የተጠመጠመ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ወፍራም ስፔሻሊስት አልጋ አጠገብ ቆሙ።

«አንተ፣ ስሜን ንገረኝ» አሉት።

ስፔሻሊስቱ ላብ አጠመቀው። «የ... የአልጋ ዘጠኙ... ሐሞት ጠጠር።»

ታማሚዎቹ ሳቁ። ሌሎቹ ሐኪሞች እንዳይጠየቁ ብርድ ልብሳቸውን ተከናነቡ።

«በሽታዬን አላልኩህም፣ ስሜን ነው ያልኩህ!» አሉ ሽማግሌው። «ጠጠሩንማ አወጣችሁት፤ እኔ አለሁ። እኔ ማን ነኝ?»

«ይቅርታ አባቴ፣ አላጠናሁም።»

«ትናንትም አላጠናህም።» ወደ ተከታዮቻቸው ዞሩ። «ይሄ አልዳነም። ይተኛ።»

እኔ እንግዲህ ልጄን ከአልጋዎቹ ላይ መፈለግ ጀመርኩ። እያንዳንዱን ብርድ ልብስ ገለጥ አድርጌ ባይ የለችም። ክንዷ በጀሶ የታሰረ አንዲት ሴት መንገዴ ላይ ቆማ ማንቆርቆሪያ ትወለውላለች።

«እህቴ፣ ዶክተር ረድኤትን አይተሻታል?»

«የትኛዋ? ዝም ያለችው?»

«የእኔዋ ዝም አትልም።»

«እንግዲያው ያንቺዋን አላውቃትም። ዝም ያለችዋን ግን ዛሬ ያባርሯታል።»

«ምን አድርጋ?»

ሴትዮዋ ግራና ቀኝ አየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «በሽታ ተገኘባት። አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም።»

ይህን ስትል ዶሮ ገባች። ቀይ ዶሮ ናት። አረንጓዴ የኦፕራሲዮን ቆብ አድርጋለች፤ ማስኳ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። የቀዶ ጥገና ክፍሉ ኃላፊ መሆኗን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። የተኛው ሁሉ ተነስቶ ቆመ። ዶሮዋ መስኮቱ ላይ ወጣች፣ ወረደች፣ አልጋ ላይ ወጣች።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለች፣ «በዚህ ሆስፒታል... ያ ምንድን ነው የሚያብለጨልጨው? ... አንድ ቁስል ላይ ዓይኑን የተከለ ሐኪም... ማነው እዚህ ጥሬ ያፈሰሰው? ... ይባረራል! ምን እያልኩ ነበር?»

«ይባረራል!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«ማን?» አለች ዶሮዋ።

ሁሉም አጨበጨቡ። አጨብጭበው ሳይጨርሱ ግማሾቹ ለምን እንደሚያጨበጭቡ ረስተው እጃቸውን ያዩ ጀመር።

እኔ እየገፋሁ ወጣሁ። ልጄን ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር አጠገብ፣ የእጅ መታጠቢያው ጋ አገኘኋት። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እጆቿ ጉልበቶቿ ላይ ናቸው። እግሯ አይወዛወዝም። ፀጉሯን በጣቷ አትጠቀልልም። ከፊቷ ያለውን ባዶ ግድግዳ ታያለች።

አልዋሽም፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ለዚህች ልጅ ያልተሳልኩት ስለት የለም። በየጠበሉ ይዣት ዞሬ ካህኑ ሲያጠምቋት እንኳ ከውኃው ሥር ወጥታ ስለ መስቀላቸው ትጠይቃቸው ነበር። አሁን እንደ ሥዕል ተቀምጣለች። ተመስገን፣ አረፈችልኝ አልኩ። አጠገቧ ሄጄ ምሳ ዕቃውን ከፈትኩ። የምትወደው ፓስታ በሥጋ ነበር።

«ረዲዬ፣ ሳይቀዘቅዝ ብዪ።»

ቀስ ብላ ፊቷን አዞረች። ከመቀመጫዋ በትሕትና ተነሳች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «እርስዎ የማን ቤተሰብ ነዎት?»

ምሳ ዕቃው ከእጄ ወደቀ። ክዳኑ እየተንኳኳ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ተንከባለለ። የእኔ ልጅ ሌላ ክፍል ሹካ ሲወድቅ የጀመረችውን ወሬ ጥላ የምትሄድ ናት። ይቺኛዋ ቁልቁል እንኳ አላየችም። ተመልሳ ተቀመጠችና ግድግዳውን ማየቷን ቀጠለች።

ያኔ ተንበረከክሁ። ጉልበቶቿን ያዝኩ።

«ረዲ፣ ተቅበጥበጪ!» አልኳት። እንዲህ የምልበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። «ተነሺ እናቴ። እግርሽን አወዛውዢ። የሆነ ነገር ክፈቺና ሳትዘጊው ሂጂ። እየመጡ ነው፣ ያባርሩሻል!»

ዝም።

«ስሚኝ፣ ወሬ ልንገርሽ። ያቺ ጎረቤታችን ትርሲት ልጇን ስትድር ሙሽራው ሊፍት ውስጥ ተቆልፎ ዋለ። ሚዜዎቹ በበሩ ቀዳዳ ኬክ ሲያጎርሱት ነበር።»

«መልካም ጋብቻ ይሁንላቸው» አለች፣ ግድግዳውን እያየች።

ሽማግሌው፣ ዶሮዋና ታማሚዎቹ ደረሱ። ዶሮዋ የልጄን ጫማ ጠቅ አደረገች፣ ከዚያ የእኔን፣ ከዚያ ወለሉ ላይ የተበተነውን ፓስታ።

«ይቺ ናት?» አሉ ሽማግሌው። «እንዴት ያለች ልጅ ነበረች! እኔ ስሜን ስነግራት ሦስት ጥያቄ ጠይቃኝ፣ የበሬዬን ስም ሳይቀር አውቃው ነበር። አሁን እዩዋት።»

«አባቴ፣ መድኃኒት የላትም?» አልኩ።

«ኦፕራሲዮን ነው ያላት። ጭንቅላቷ ይከፈትና ጫጫታው ይመለስላታል። ካልሆነ ተባራሪዎቹን በሚወስደው በዛሬው መኪና ትሄዳለች።»

«ማን ነው የሚከፍትላት?»

ሁሉም እኔን አዩኝ።

«እዚህ የሚቀድደው ቤተሰብ ነው» አለች ባለ ጀሶዋ። «ሐኪሞቹ ውጭ ሆነው ይጠብቃሉ።»

እውነቷን ነበር። ዞር ስል ኮሪደሩ ሞልቷል። ሐኪሞቹ ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፈው፣ ጋቢ ደርበው፣ ፔርሙዛቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ። ፀጉሩ የሸበተ አንድ ትልቅ ሐኪም የቀሚሴን ጫፍ ያዘ።

«እናቴ፣ እንዴት ናት? ተስፋ አላት?»

«ዶክተር፣ እኔ እኮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው የጨረስኩት። ምንም አላውቅም።»

«አያችሁ» አለ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ እንባውን እየጠረገ። «እውነቱን አይነግሩንም።»

ታማሚዎቹ ልጄን በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ይዘዋት ገቡ። ባለ ጀሶዋ በማንቆርቆሪያው ውኃ ታፈስልኝ ጀመር።

«እስከ ክርንሽ ታጠቢ። ከታጠብሽ በኋላ እጅሽን ወደ ላይ ይዘሽ ግቢ። ምንም እንዳትነኪ። ከነካሽ እንደገና ነው።»

ይህንንስ አውቀዋለሁ። ረድኤት ቤት ውስጥ ሳህን አጥባ ስትጨርስ እንኳ አንዳንዴ እጇን ወደ ላይ ይዛ ትቆማለች። ታጠብኩ። እጄን ሰቅዬ በሩን በጀርባዬ ገፋሁ። ልጄ መብራቱ ሥር ተጋድማለች። ሳያት እጄ በራሱ ወደ ግንባሬ ሄደ። በስመ አብ ወወልድ አልኩና አማተብኩ።

«ነካሽ!» አሉ ሁሉም።

ተመለስኩ። ታጠብኩ። እጄን ሰቀልኩ፣ ገባሁ። ቢላዋው ትሪ ላይ ሲያብረቀርቅ አየሁና ደነገጥኩ። አማተብኩ።

«ነካሽ!»

«እህቴ፣ ሳላማትብ እንዴት ቢላዋ አነሳለሁ?» አልኳት ባለ ጀሶዋን።

«እያማተብሽስ እንዴት ታነሺያለሽ?»

እንደገና ታጠብኩ። አሁን ከንፈሬን ነክሼ፣ በልቤ ብቻ ጸልዬ ገባሁ። ጠረጴዛው አጠገብ ስደርስ ነጠላዬ ከትከሻዬ ተንሸራተተ። እናቴ ነጠላ መሬት ሲነካ ዝም ብላ አሳድጋኝ ቢሆን ኖሮ! ሳብኩት።

«ነካሽ! ነካሽ!» ዶሮዋ መብራቱ ላይ ወጥታ ትጮኻለች። ከውጭ የመኪና ሞተር ሲነሳ ተሰማኝ። ከኮሪደሩ የሐኪሞቹ ልቅሶ በረታ። እኔ እጄን እየፈተግሁ፣ ቆዳዬ ቀልቶ፣ ውኃው በክርኔ እየወረደ፣ ልጄን ከመዳኗ የሚያዘገያት የእኔ እጅ መሆኑን አያለሁ፤ ግን እጄ አይታዘዘኝም። በመጨረሻ ባለ ጀሶዋ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ሁለት እጆቼን ወደ ላይ በፋሻ ከጉሉኮስ ብረት ጋር አስራ፣ እንደ ምርኮኛ እየገፋች አስገባችኝ። ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ፈታችኝ።

ቢላዋውን አነሳሁ። የራሴ የሽንኩርት ቢላዋ ነው፤ እጀታው በእሳት የተለበለበው። ረድኤት ዓይኗን አልጨፈነችም።

«አይጨነቁ» አለችኝ። «ጥሩ እጅ አለዎት።»

ይህ «አለዎት» የሚለው ከቢላዋው በላይ ቆረጠኝ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ግንባሯ ላይ አስጠጋሁ። ከውስጥ፣ በጣም ከሩቅ፣ ድምፅ ይሰማል። ቧንቧ ይንጠባጠባል። ሻይ ይገነፍላል። ሕፃን ልጅ ኮሪደር ለኮሪደር ትሮጣለች፣ በር ሁሉ እየከፈተች ትስቃለች። ልጄ ናት። እዚያ ውስጥ ተዘግቶባታል።

«እዚያው ነው» አሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቆረጠው። ዓይንሽን እንዳታነሺ።»

«አንድ ነገር ላይ ዓይን መትከል የተከለከለ አይደለም እንዴ?»

«ለሐኪም ነው የተከለከለው። ለእናት ማን ይከለክላል?»

እሺ አልኩ። ለዚህማ ማን ይችለኛል? ይቺ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ዓይኔን ከእሷ ላይ አንስቼ አላውቅም። ቢላዋውን ፀጉሯ ከሚጀምርበት አስጠጋሁ። ልክ ያኔ፣ የቤቴን በር ቆልፌያለሁ ወይ? የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ቆልፌያለሁ። ግን መስኮቱስ? መስኮቱ ከተከፈተ ዝናብ ይገባል። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ልብስ አስጥቼአለሁ። ልብሱ ውስጥ የረዲ ጋውን አለ፤ ጋውኑ ካልደረቀ ነገ ምን ትለብሳለች? ትርሲት ብታስገባልኝ። ትርሲት ግን ከሠርጉ ወዲህ ታኮርፈኛለች። ለምን ነበር ያኮረፈችኝ?

ቀና ስል ጠረጴዛው ላይ ሰው የለም። አንሶላው የሰውነቷን ቅርጽ ይዞ ገና ይሞቃል።

«የት ሄደች?»

«ወሰዷት» አለች ባለ ጀሶዋ።

«ገና እኮ አልቆረጥኩም!»

«ስንጠራሽ ቆየን። ቆመሽ ስለ ልብስ ታወሪያለሽ።»

ዶሮዋ ከመብራቱ ላይ ወረደች። አረንጓዴ ቆቧን በመንቆሯ አውልቃ ራሴ ላይ አደረገችልኝ።

«አልፈሻል» አለችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ... ማን ነበር ስምሽ? ... ቀዶ ሐኪም ነሽ።»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ሐኪሞቹ ከኮሪደሩ ገብተው እጄን ይስሙ ጀመር። እየገፈታተርኩ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ግቢው ውስጥ አንድ አይሱዙ ቆሟል። ከኋላው ወጣት ሐኪሞች ተጭነዋል፤ ሁሉም ነጭ ጋውን ለብሰው፣ ሁሉም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እያዩ። ረድኤት መሃላቸው ናት። መኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ረዲ!» ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮኽኩ።

የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ ዞረ። ታማሚው ዞረ፣ ሐኪሙ ዞረ፣ ዶሮዋ ዞረች፣ በመንገድ የሚያልፈው ዞረ። መኪናው ላይ የተቀመጡት ብቻ አልዞሩም።

«እማ! እማ! ተነሺ!»

ዓይኔን ስከፍት ነግቷል። ረድኤት ከእነ ጫማዋ አልጋዬ ላይ ተንበርክካ ትከሻዬን ታወዛውዛለች። ዓይኗ ቀልቷል። ቦርሳዋን በሩ ላይ ጥላ፣ ቁልፉን ከውጭ እንደ ሰካች ነው የገባችው።

«ምን ሆነሽ ነው ሰፈሩን የቀሰቀስሽው?»

ደህና አደርሽ እንኳ አላልኳትም። «ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

ብርድ ልብሱን ጨበጥኩ። «እና?»

ተነሳች። መጋረጃውን ከፈተች፣ ተመልሳ ዘጋችው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስጀምር ስልክ ያወሩ ነበር። ስልኩን ሲዘጉ አንድ ሰው መጥቶ የሆነ ነገር አስፈረማቸው። ከዚያ ‹ይቅርታ፣ ምን ነበር ያልሽኝ?› አሉ። እንደገና ጀመርኩ። መሃል ላይ ከድንገተኛ ክፍል ተጠሩ። ሲመለሱ አብራኝ የምትማረዋ ሰናይት መስያቸው ‹እናትሽን ተሻላቸው?› አሉኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ነገርኳቸው።»

«አባረሩሽ?»

«አላባረሩኝም።»

«ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!»

«ቆይ እማ፣ አልጨረስኩም።» ጫማዋን ልትፈታ ጎንበስ አለችና መልሳ አጠበቀችው። «በጣም ሳቁ። ‹እንዲህ የምትቅበጠበጪ ከሆነማ እንቅልፍ አያስፈልግሽም ማለት ነው› ብለው፣ የሰናይትንም የሌሊት ተራ ለእኔ ሰጡኝ።»